ምርት በየቤቱ

መንግሥት ለአገር ውስጥ የጦር መሣሪያ አምራቾች ገንዘብ መደበ በተባለ ቁጥር ፊታቸውን የሚያጠቁሩ ሰዎች አሉ። ትምህርት ቤቱስ፣ ጤና ጣቢያውስ ይላሉ። እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም፤ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝልኝም እፈልጋለሁ። ደግሞስ ከዚህ ፋብሪካ የበለጠ ምርቱን ሳያጓድል የሚያዳርስ የቱ ነው? ዘይት ሲጠፋ፣ ስኳር በወረፋ ሲሆን፣ ማዳበሪያ ዘሩ ካለፈ በኋላ ሲደርስ፣ የእሱ ምርት ገጠር ከተማ ሳይል ሰው ደጃፍ ድረስ ይሄዳል። መታወቂያ አይጠይቅም፤ የቀበሌ ደብዳቤም አይፈልግም።

እንዲህ ያለው ዘርፍ አባት የሌለው እንዳይመስላችሁ። አባቱ አፄ ቴዎድሮስ ናቸው፤ የትውልድ ቦታውም ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት። የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት የላኳቸው፣ ባዝል አጠገብ ክሪሾና በሚባል ቦታ የሠለጠኑ ወጣት ሚስዮናውያን መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ወደ አገራችን ገቡ። ንጉሡ መጽሐፉን አልናቁም፤ ዓይናቸው ግን ያረፈው በእንግዶቹ እጅ ላይ ነበር። አናጢ አለ፣ ብረት ሠሪ አለ። እነ ዋልድማየር ጋፋት ላይ መንደር ተሰጣቸው፤ ልጆችም እንዲያስተምሩ ተደረገ። ከዚያ ትእዛዙ መጣ፤ መድፍ ሥሩ!

እንግዶቹ አናውቅም አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ወንጌል ሲማሩ መድፍ ማቅለጥ በሥርዓተ ትምህርቱ አልነበረም። ንጉሡ የእንግዶቹን አሽከሮች አሳሰሩ። ወዲያው ዕውቀቱ ተገኘ። በዛሬ አነጋገር ይህ የአቅም ግንባታ ሥልጠና ይባላል፤ ያኔ አበል አልነበረውም እንጂ። ንጉሡን ግን ንፉግ ነበሩ የሚል ሰው ግፍ ይሆንበታል። ምድጃው ሠምሮ ቅርጹ ሲወጣ በቅሎ፣ ሸማ፣ ብር ሸልመዋል። ማበረታቻና ማሰሪያ ከአንድ ግምጃ ቤት የሚወጡበት አሠራር ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ግምጃ ቤቱ ግን ያው ነው።

ከጋፋት ከወጡት መድፎች ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል ነው፤ ክብደቱ ወደ 7 ቶን። እንግዲህ ምርት ከተመረተ ገበያ መድረስ አለበት። ገበያው መቅደላ ሆነ። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ስድስት ወር ያህል ተጓዙ። ተራራ ተናደ፣ ገደል ተቆፈረ፣ ከበሽሎ ሸለቆ ወርዶ እንደገና የሚወጣ ጥርጊያ ተሠራ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር፤ በዚህ የሚያማቸው ሰው የለም። በዚያ አገር ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ መንገድ አልታየም። መንገዱ የተሠራው ለመድፉ ነው፤ ቢሆንም ገበሬውን በዳር በዳሩ ሂድ ያለው አልነበረም። እንዲያውም መሃል ለመሃል እንዲሄድ ተጋብዟል፤ ገመዱን ይዞ።

መንገዱ ባክኖ ቀረ የሚሉት የመሠረተ ልማት ጥቅም ያልገባቸው ናቸው። መንገዱ ገና ሳያልቅ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደርና ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ይዞ ከባሕር ወደ ደጋ ወጣ፤ ወደ መቅደላ ሲቃረብም ንጉሡ ያሠሩትን ጥርጊያ ተዘጋጅቶ አገኘው። የውጭ ሰው መንገድ ባለበት ይመጣል ይባል የለ? በነገራችን ላይ፣ የእንግሊዝ ፓርላማ ለዘመቻው መጀመሪያ የፈቀደው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ ሂሳቡ ሲዘጋ ወደ 9 ሚሊዮን ተጠጋ። ተጨማሪ በጀት የእኛ ፈጠራ ነው ብለው የሚያሙን ይህን ልብ ይበሉ።

የስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3፣ አሮጌ ሜዳ ላይ ሁለቱ ምርቶች ተገናኙ። ከወዲህ ወደ 700 ሰው ወደቀ፤ ከወዲያ የሞቱት ሁለት ናቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡም በገዛ ሽጉጣቸው ሄዱ። ሴባስቶፖል ግን ምንም አልሆነ። ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ ነው፤ ኦዲተር ቢላክ በቦታው ያገኘዋል። አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ አደባባይ ላይ ተተክሏል። የመንግሥት ጀነሬተር በሌሊት በሚሰወርበት፣ ትራክተር ተገዝቶ ሰነዱ ብቻ በሚገኝበት አገር፣ ከ150 ዓመት በኋላ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሆኖ የተመዘገበ ሌላ ምርት ካለ ንገሩኝ።

የጋፋት ስምም አልጠፋም፤ ጠመንጃ የሚሠራ የመንግሥት ኢንዱስትሪ ይዞታል። ጥይቱ ከሆሚቾ ይመጣል። ከዚህ በላይ ስለ ዛሬ አልናገርም፤ ዛሬ የራሱ ቃል አቀባይ አለው።

ይልቅ ስለ ሰው አገር ላውራ፤ ስለ ሰው አገር ማውራት ለጤና ጥሩ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ለጥይት አምራቾቹ ማስፋፊያ 500 ሚሊዮን ዩሮ መደበ። በአንድ ዓመት ውስጥ 1 ሚሊዮን የመድፍ ጥይት ለዩክሬን እንሰጣለን ብሎም ተናገረ። ቀጠሮው ሲደርስ ግማሹን ያህል ነበር ያሟላው። ንጉሡ ቢሆኑ የማንን አሽከር እንደሚያሳስሩ ያውቁ ነበር፤ ብራስልስ ግን ሌላ ስብሰባ ጠራ። በጀርመን ድንበር ላይ ጎርሊትስ የምትባል ከተማ አለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1849 ጀምሮ የባቡር ፉርጎ ስትሠራ የኖረች። ፋብሪካዋ አሁን የታንክ ክፍል ሊሠራበት ለሌላ ኩባንያ ተላለፈ። አንዳንዱ አዘነ። ለምን ያዝናል? ባቡር ሰውን ወስዶ መመለስ አለበት፤ ይህ ደግሞ እጥፍ ነዳጅ ነው። አዲሱ ምርት በመሄጃ ብቻ ያበቃል።

የእኛ ሰዎች ቅር የሚላቸው የቀጥቃጩ ነገር ነው። ቅዳሜ ገበያ ዳር ሄዳችሁ እዩት። ልጁ በፍየል ቆዳ ወናፍ ከሰሉን ያናፍሳል፤ አባት የአሮጌ አይሱዙ ባሌስትራ በጉጠት ይዞ ያገላብጣል፤ ብረቱ ሲቀላ መስፉ ላይ አውጥቶ ጫፉን ያሾላል፤ እንደገና እሳት፣ እንደገና መዶሻ፣ ከዚያ ውኃ ውስጥ ሲነክረው ይንጫጫል። ማረሻ ሆነ። አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ የሚጠብቀው ገበሬ ዋጋውን ሲሰማ ጋቢውን ያስተካክላል።

«ዘንድሮ ምነው እንዲህ አከበድከው?»

«ምን ላድርግ፣ ወንድምዓለም? ብረት ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሄደ።»

ገበሬው ግራ ቀኙን አየና፣ «ተወው፣ ጠንከር አርገህ ብቻ ሥራልኝ» አለው።

ይህ ሰው የአገር ውስጥ አምራች አይደለም ወይ ብለው ይሟገታሉ። ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ቀጥቃጩን ጠይብ ብሎ መስደብ ከልክለውለታል። ስድቡ ተከለከለ፤ ብድሩ ግን አልተፈቀደም። ባንክ ቤት ሄዶ ቢጠይቅ መያዣ አምጣ ይሉታል፤ ወናፍ ደግሞ መያዣ አይሆንም፣ አየር ነው። እኔም ብሆን አላበድረውም። ማረሻ የሚገዛ ገበሬ ተመልሶ የሚመጣው ብረቱ ሲበላ ነው፤ እሱም አርሶ፣ ዘርቶ፣ አጭዶ። እንዲህ እየተጠበቀ ምን ፋብሪካ ይቆማል? የወዲያኛው ዘርፍ ደንበኛ ግን አንዴ ካገኘ ሌላ ቦታ ሄዶ ሲገዛ አይታይም።

ነገሩ ሃይማኖታዊ መሠረትም አለው። ስለ ማረሻና ስለ ሰይፍ ኢሳይያስና ኢዩኤል አይስማሙም፤ አንዱ ሰይፉን ወደ ማረሻ ሲቀጠቅጥ ሌላው ማረሻውን ወደ ሰይፍ ይመልሰዋል። በየዓመቱ ሰኔ ላይ በጀት ሲጸድቅ የሚነበበው የትኛው እንደሆነ መምህራንን መጠየቅ አያሻም። ኢሳይያስ መልካም ነቢይ ነው፤ የገንዘብ ምንጩን ግን አላመለከተም።

የገንዘብ ነገር ከተነሣ፣ በዚህ ዘርፍ ብድር ጠፍቶ አያውቅም፤ እኔ የማደንቀው ይህን ነው። በሌላው ሥራ ተበዳሪ ይሰወራል፣ ስልኩን ይዘጋል። እዚህ ግን ብድሩን ሳይመልስ የሚተኛ ሰው የለም፤ አባት ሳይመልስ ቢሞት ልጅ ይመልሳል፣ ልጅ ባይደርስ የአጎት ልጅ። የሰጠኸውን አንድ ሁለት አድርጎ ነው የሚመልስልህ። ባንኮች ደንበኛ እንዲህ ቢገጥማቸው ኖሮ ግብዣ በደገሱ።

የጥሬ ዕቃም ችግር የለብንም። አረር በአገር ውስጥ ይመረታል፤ በየሰዉ ሆድ ያለውን ብቻ ብንቆጥር ከውጭ ማስገባቱ ይቀርልን ነበር። እናቶችም ከጋፋት አላነሱም፤ ዘይቱ ባለቀበት ድስት ላይ አረር የማያወጣ ምድጃ ዘንድሮ አላየሁም። ይህን የቤት ለቤት ምርት ማንም አልደጎመውም፤ ሳይደጎምም አላቆመም። ገቢው አንሷል ለሚሉት መልሱ ቀላል ነው። ገቢ ያነሰው ወጪ ስለበዛ ነው፤ ወጪው የበዛው ደግሞ ወጣት ስለሆነ። ቦሌ ሄዶ ቆሞ ለሚቆጥር ሂሳቡ ግልጽ ነው፤ በሱዳንና በጅቡቲ በኩል ያለውን መዝግቦ የሚይዝ አልተገኘም እንጂ። ለድጋፉ ምረቃ ግጥም የሚፈልግ ካለ ይህችን በነጻ እሰጣለሁ፤

የቤቱ ባለቤት ደስ ይበለው ዘንድሮ፣
ወጪው በየበሩ ይሰለፋል አድሮ።

የቀረው ማመልከቻውን መሙላት ነው። አምራቾች ሆይ፣ የማስፋፊያ ምክንያት በሚለው ላይ ጠላት ብላችሁ ጻፉ፤ የትኛው ተብላችሁ ብትጠየቁ ቅጹ ለስም በቂ መስመር የለውም በሉ። የሥራ ዕድል በሚለው ላይ ቁጥሩን ከፍ አድርጉት፤ ቀባሪውን፣ አልቃሹን፣ ድንኳን አከራዩን፣ እግር ሠሪውን ጨምሩ፤ ማንም ውሸት ነው አይላችሁም። የተጠቃሚ ብዛት በሚለው ላይ ሁሉም በሉ። የተጠቃሚ ዕድሜ የሚለውን ግን ባዶ ተዉት፤ አጽዳቂው ልጆች አሉት።