ሁሉ የገጠመለት ልጅ

ሰው ሲያልፍለት ዓይኑ ደም የሚለብስ አለ። እኔ ከነዚያ ወገን አይደለሁም። የሰው ልጅ ሲበለጽግ ደስ ይለኛል፤ በተለይ ያበለጸግነው እኛው ከሆንን። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ምስጋና ነው። ላይ ላዩን ያነበበ ይደሰትበት፤ መቆፈር የለመደም እንደ ልማዱ ይቆፍር።

ተመስጋኙ ኦላጂዴ ኦላቱንጂ ይባላል። ዓለም የሚያውቀው «ኬኤስአይ» በሚለው ስሙ ነው። በ1993 (ወሮቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) ከናይጄሪያዊ ቤተሰብ ለንደን ተወልዶ ዋትፎርድ ያደገ ልጅ ነው። ከጌም ተነሥቶ ዘፋኝ፣ ከዘፋኝነት ቡጢኛ፣ ከቡጢኛነት ነጋዴ፣ ከነጋዴነት ዳኛ ሆኗል። እስካሁን ያልሞከረው ቅዳሴ ብቻ ነው።

መነሻው መኝታ ቤቱ ነው። በ2009 ዩቲዩብ ላይ ቻናል ከፍቶ፣ ፊፋ የተባለውን የኳስ ጌም እየተጫወተ ማውራት ጀመረ። ጌም ላይ የሚያፈጥ ልጅ ያን ጊዜም በየቤቱ ነበር፤ እናቱ «ተነሥ፣ አጥና!» ትለውና ይነሣል። ይህኛው ግን ሲጫወት ሰው እንዲያየው አደረገ። ሰው ከተሰበሰበ ደግሞ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ጉባኤ ይሆናል፤ ጉባኤ መሃል ገብታ «ተነሥ» የምትል እናት የለችም።

ቪዲዮውን ላላየ ሰው ላሳየው። ሜዳው ስክሪኑን ሞልቶታል፤ ጥግ ላይ በትንሽ ሳጥን የልጁ ፊት አለ። በዚህ ጌም ውስጥ «ፓክ» የሚሉት ነገር አለ፤ የተጫዋቾች ካርድ የታሸገበት፣ እጅ የማይጨብጠው እሽግ ነው። በእውነተኛ ገንዘብ መግዛት ይቻላል፤ ከውስጡ ማን እንደሚወጣ ግን ያን ጊዜ ከፍለው ካልከፈቱት አይታወቅም ነበር። ልጁ ይጫናል። ብርሃን ይፈነጥቃል። ካርዱ ብቅ ይላል። የወጣው ስመ ጥር አጥቂ ከሆነ ልጁ ከወንበሩ ዘሎ ራሱን ይዞ ይጮኻል፤ የወጣው ስሙን እናቱ ብቻ የምታውቀው ተከላካይ ከሆነም ይጮኻል። ተመልካቹ አብሮ ይጮኻል፤ ከዚያ ወደ አባቱ ዘንድ ሄዶ የባንክ ካርድ ይለምናል። ቤልጂየሞች በ2018 «ይህ እኮ ቁማር ነው» ብለው ተነሡና የጌሙ ኩባንያ በማግስቱ ዓመት እዚያ አገር ለእሽጉ ገንዘብ መቀበሉን አቆመ። ቤልጂየሞች መቼም ጨዋታ አያውቁም።

ገቢው ሲያዋጣ፣ ልጁ መሰናዶ ላይ ሳለ ትምህርቱን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ያልለቀቀው ነገር የለም፤ ቪዲዮ ለቀቀ፣ ዘፈን ለቀቀ፣ ቡጢ ለቀቀ፣ መጠጥ ለቀቀ። እኛን ብቻ አልለቀቀንም።

እኛ ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት የዋለ ሰው የጨዋታውን ሕግ ያውቀዋል። የሚጫወተው ይከፍላል፤ ብዙ ጊዜም የተሸነፈው ለሁለቱም ይከፍላል። ከጀርባ ቆሞ «አቀብል! ምታ!» የሚለው ግን ባለቤቱ እስኪያባርረው ድረስ ነፃ ነው። የልጁ ብልኅነት ይህን ሕግ መገልበጡ ላይ ነው፤ የሚጫወተው ይከፈለዋል፣ ከጀርባ የቆመው ይከፍላል። ክፍያው ደግሞ ኪስ አያስዳብስም። ማስታወቂያ ታያለህ፣ ዕድሜህን ታስቆጥራለህ፣ በሰላም ትሄዳለህ። በ2012 ዩቲዩብ ራሱ ቪዲዮ የሚያስቀድምበትን ስሌት ቀየረ፤ «ስንት ሰው ነካው?» ማለቱን ትቶ «ስንት ደቂቃ አቆየው?» ማለት ጀመረ። ደቂቃ በማቆየት ጌምን ማን ይስተካከለዋል? ሦስት ደቂቃ የደከመበትን ዘፈን ይዞ የመጣ ሙዚቀኛ፣ ሌሊቱን ሙሉ ኳስ እያንከባለለ ከሚያወራ ልጅ ኋላ ተሰለፈ። ሙያ በልብ ነው ያለው ሰው ቻናል አልነበረውም።

ይህ ትጋት ሽልማት አለው። ቻናሉ 100,000 ተከታይ ሲሞላ ከዩቲዩብ የብር ሰሌዳ ይላካል፤ ሚሊዮን ሲሞላ የወርቅ፣ 10 ሚሊዮን ሲሞላ የአልማዝ። ቅሬታ እንዳይመስልብኝ እንጂ፣ ወርቁ ለልጁ ደርሶታል፤ ሰሙ ለእኛ ተርፎናል። ቀልጠንም ቢሆን አብርተንለታል።

ዘፈኑ እንዲህ መጣ። በ2015 ፒ መኒ ከተባለው የለንደን ራፐር ጋር «ላምቦርጊኒ» የሚል ነጠላ ዜማ አወጣ። ይህም የሚወቀስበት አይደለም። ገጣሚ ያለውን ነው የሚገጥመው፤ አንዱ ናፍቆት አለው፣ አንዱ ላምቦርጊኒ አለው።

ከዚያ ወዲህ የልጁ ሥራ መግጠም ሆነ። በገዛ ታናሽ ወንድሙ ላይ ሳይቀር ገጠመ። በየካቲት 2018 ጆ ዌለር ከተባለ ሌላ ዩቲዩበር ጋር ለንደን ላይ ገጠመ። በዚያው ዓመት በአሜሪካዊው ዩቲዩበር በሎጋን ፖል ላይ ገጠመበት፤ በነሐሴ ደግሞ ማንቸስተር ላይ ከራሱ ከሎጋን ፖል ጋር ገጠመ። አቻ ወጡ። አቻ መውጣት ለሁለት ነገር ይጠቅማል፤ ለሰላም፣ ወይም ለሁለተኛ ትኬት። ሰላሙ ስላልተሸጠ በኅዳር 2019 ሎስ አንጀለስ ላይ እንደገና ተገናኙ፤ ልጁም በዳኞች ነጥብ አሸነፈ። ሪክ ሮስና ሊል ቤቢ የተባሉትን አሜሪካውያን ራፐሮች ይዞ የሠራው «ዳውን ላይክ ዛት» የወጣው በግጥሚያው ዋዜማ ነው። ዘፈኑ ለቡጢው ይጣራል፣ ቡጢው ለዘፈኑ ይጣራል፤ መሃል የቆመው ሰው ሁለቱንም አቤት ይላል።

የሙዚቃ አዋቂ ነን ባዮች ግን ቅናታቸው አላስቀምጥ አላቸው። «ይህ ምኑ ግጥም ነው? ቤት እንኳ አይመታም!» አሉ። ሰንጠረዡን ያላየ እንዲህ ይላል። ድሮ የዘፈን ሰንጠረዥ የገዛን ሰው ይቆጥር ነበር፤ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ሲያወጣ እጁ ይያዛል፣ ያስባል፣ ይመርጣል። አሜሪካዊው ቢልቦርድ በ2013 የዩቲዩብ ዕይታን፣ የእንግሊዙ የነጠላ ዜማ ሰንጠረዥ በ2018 የቪዲዮ ዕይታን መቁጠር ጀመሩ። ያን ጊዜ ያየ እንደገዛ ሆነ፤ ሊስቅ የገባ እንደገዛ ሆነ፤ ሊሳደብ የገባም እንደገዛ ሆነ። ዓመታት ሙሉ ዓይን ሲሰበስብ ለኖረ ልጅ ይህ ሕግ በልኩ የተሰፋ ልብስ ሆነለት። በግንቦት 2020 የወጣው «ዲሲሙሌሽን» በእንግሊዝ የአልበሞች ሰንጠረዥ 2ኛ ሆነ፤ በሐምሌ 2021 የወጣው «ኦል ኦቨር ዘ ፕሌስ» 1ኛ ተቀመጠ። ለሐሜተኞቹ መልስ ይሆን ዘንድ፦

ቤት አይመታም ብለው ግጥሙን አሙበት፤
እሱ ግን አልሳተም ያንዳችንንም ቤት።

ከዚህ ቀና መንገድ የሳተ ሌላ ልጅ አለ፤ ለመቀጣጫ ላንሣው። ኳዴካ ይባላል፣ አሜሪካዊ ነው። እሱም የጀመረው በፊፋ ቪዲዮ ነበር። በ2018 ኬኤስአይን የሚዘልፍ ራፕ ሠራበት፤ ይኼኛውም በማግስቱ ዓመት በግሪኮች የጦር አምላክ ስም «ኤሪስ» ብሎ መለሰለት። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው፤ ሁለቱም ታዩ። ከዚያ በኋላ ግን ኳዴካ ተበላሸ፤ ሙዚቃ ሙዚቃ ይለው ጀመር። ራሱ አቀናባሪ ሆኖ ክፍሉን ዘጋ። በ2022 የሞተ ሰው መንፈስ የሚተርከው አልበም ይዞ ወጣ፤ ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሰማ አልበም! ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ከሰማ ማስታወቂያውን ማን ያይለታል? እንግዲህ ተሰጥኦ ሰውን እንዲህ ከሥራ ያስፈታል።

የኛው ግን ሥራ አልፈታም። በጥር 2022 መጠጥ ይዞ መጣ፤ ስሙ «ፕራይም» ነው። ሸሪኩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሎጋን ፖል! ያ በግጥም የተዘለፈው፣ ያ ሁለት ጊዜ በቡጢ የተገጠመው። ዕርቅ ደስ ይላል። እነሱ መድረክ ላይ ሲናከሱ ከርመው ጓዳ ገብተው ድርሻ ተካፈሉ፤ በእነሱ ምክንያት የተኳረፉት ደጋፊዎች ግን እስካሁን ሽማግሌ አላገኙም። ይህን የምለው ስለ እንግሊዝና አሜሪካ ነው፤ ወደ ሌላ አገር የሚወስደው ካለ በራሱ ኃላፊነት ይውሰድ።

መጠጡ እንግሊዝ አገር ሲገባ የሆነው ለልጅ ልጅ የሚነገር ነው። ሱቅ ሳይከፈት ወላጅ ከልጁ ጋር ብርድ ላይ ተሰለፈ። ሱቆች ለአንድ ሰው ከዚህ በላይ አንሸጥም ብለው ራሽን አወጡ። መደርደሪያ ላይ ከ2 ፓውንድ የማይዘለው ጠርሙስ ከበር ውጭ በእጥፍ በእጥፉ ተቸበቸበ። ባዶው ጠርሙስ ሳይቀር በየልጁ ክፍል እንደ ዋንጫ ተደረደረ። ልጁ እንዲህ ተወዶ አያውቅም፤ እኛ ግን ስንቱ ነገር ሲወደድ አይተናል። ከጠርሙሱ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ውሃ፣ የኮኮናት ውሃ ቅልቅልና ቫይታሚን ነው። ጥማቱን ይዞ የመጣው ገዢው ራሱ ነው።

ዘፈኑም ተቀዳ፣ መጠጡም ተቀዳ፤
ሒሳቡ ሲመጣ የጠጪ ነው ዕዳ።

በጥቅምት 2024 ደግሞ ትሪፒ ሬድ ከተባለው አሜሪካዊ ጋር «ቲክ ኦፍ ኢት» የሚል ዘፈን አወጣ። ሳቁን የሰማ ሰው ልጁ አለቀለት ይል ነበር። ያልሾፈበት የለም። ግጥሙን እያጣመሙ ዘፈኑት፤ በድምፁ ቀለዱ፤ በትምህርት ቤት ግቢ ልጆች እየተቀባበሉ አላገጡበት። ነገር ግን ዘፈን ላይ ለማላገጥ ዘፈኑን መክፈት ያሻል፤ በደንብ ለማላገጥ ደግሞ መደጋገም ያሻል፤ እጅግ በደንብ ለማላገጥ በቃል መያዝ ያሻል። ምስጋና ለአላጋጮቹ ይሁንና ዘፈኑን የማያውቅ ልጅ ጠፋ። አድናቂ ተኝቶ ያድራል፤ ጠላት ግን ሌሊቱን ነቅቶ ይሠራል፣ ደመወዝም አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ያለው ባለሀብት ምን ጎደለው?

በዓመቱ ነገሩ መልኩን አገኘ። በ2025 «ብሪተንስ ጎት ታለንት» በተባለው የእንግሊዝ የቴሌቪዥን የተሰጥኦ ውድድር ላይ እንግዳ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ። ዕድሜ ልኩን ሲለማመድ የኖረ ዘፋኝ ከፊቱ ቆሞ እየተንቀጠቀጠ ያዜማል፤ ልጁ ያዳምጣል፣ ይፈርዳል። አንዳንዱ ይህን አይቶ «ዘመን!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ለምን? ዳኛ ሕዝብ የሚወደውን ማወቅ አለበት፤ ከእሱ ይበልጥ የሚያውቀን ማን ነው? ስንስቅ አይቶናል፣ ስንናደድ አይቶናል፣ እኩለ ሌሊት ላይ እንቅልፍ አጥተን ስናፈጥ አይቶናል።

ድምፅ የለውም ብለው ያሾፉበት ሁሉ፣
ድምፅ ስጠን እያሉ ከደጁ ላይ ዋሉ።

አሁን ሰው ሁሉ «ልጁ ቀጥሎ ምን ይሆን?» እያለ ይጠይቃል። ጥያቄው የተላከው በተሳሳተ አድራሻ ነው። ልጁ ከመኝታ ቤቱ ከወጣ ጀምሮ አንድም ቀን ሥራ ቀይሮ አያውቅም። እኛ ኳስ ስናይ ኳስ ተጫወተ፤ ስድብ ስንወድ ተሳደበ፤ ደም ሲጠማን ጓንት አጠለቀ፤ ሲብስብን ቀዳልን። ራፐር የሆነው ራፕ ጠርቶት አይደለም፤ ዓይናችን ወደዚያ ዞሮ ስላገኘው ነው። እሱ የእኛን ጣት ይጠብቃል፣ እኛ የእሱን ቪዲዮ እንጠብቃለን፤ ስሌቱ ደግሞ ሁለታችንንም ይጠብቃል፣ እረኛ እንደሚጠብቀው ዓይነት። «ልጆቻችንን አበላሸብን» እያለ የሚያማው ወላጅም ሐሜቱን የሚያደርሰው በስልኩ ነው፤ እዚያም ይቆጠርለታል።

እኔም ምስጋናዬን ለማን እንደማደርስ ቸግሮኝ ብዙ አሰብኩ። ለልጁ እንዳልል፣ የመጣው ስንጠራው ነው። ለሕዝቡ እንዳልል፣ የጠራው ሲመጣለት ነው። ለስሌቱ እንዳልል፣ እሱ ምስጋናንም እንደ ደቂቃ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ለሦስቱም እኩል አካፍዬ፣ ለአንባቢ ይህችን ትቻለሁ፦

ተከታይ ሲቆጠር አገር ሁሉ ሞላ፤
መሪውን ብንፈልግ እሱም ከእኛ ኋላ።