ከሕፃን ጋር ለንደንን ስለመጎብኘት የቀረበ ጥናታዊ ጽሑፍ

ሕፃን ይዞ ትልቅ የውጭ ከተማ መጎብኘት በአገራችን ምሁራን ዘንድ የሚገባውን ትኩረት አላገኘም። ስለ ጤፍ ተጽፏል፣ ስለ ቡና ተጽፏል፣ ስለ ኑሮ ውድነትማ ያልጻፈ የለም። መሄድ የጀመረ፣ መድረስ ግን ያልጀመረ ፍጡር ይዞ ኦክስፎርድ ስትሪትን ስለማቋረጥ ግን መደርደሪያዎቻችን ባዶ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን በመጠኑም ቢሆን ይሞላል ተብሎ ይታመናል።

ጥናቱ የተካሄደው በአንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ላይ ነው። አባላቱ አባት፣ እናትና ሁለት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ወንድ ልጅ (ከዚህ በኋላ «ሕፃኑ» እየተባለ የሚጠራው) ናቸው። አጥኚው የእናትየው ወንድም በመሆኑ ገለልተኛ ነው ማለት አይቻልም። መረጃው የተሰበሰበው በምልከታ፣ ሻንጣ በመሸከምና ጡጦ በማጠብ ነው። ሕፃኑን በቃለ መጠይቅ ለማሳተፍ ተሞክሮ ነበር፤ ለቀረቡለት ጥያቄዎች ሁሉ «እምቢ» የሚል ወጥ መልስ ሰጥቷል። የመልሱ ወጥነት ለጥናቱ አስተማማኝነት እንደ በጎ ምልክት ተወስዷል።

የጉዞው ቀን እንዴት ተመረጠ? የዋህ አንባቢ የለንደን አየር ጠባይ ታይቶ ይመስለዋል። የታየው የልደት ምስክር ወረቀት ነው። በአየር መንገዶች አሠራር ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን የአዋቂውን ዋጋ 10 በመቶ ገደማ ከፍሎ በወላጁ ጭን ላይ ይበርራል፤ ሁለት ከሞላው መቀመጫ ይገዛለታል። እዚያው እንዳለ ከሞላው ደግሞ ሲመለስ መቀመጫ ያስፈልገዋል። ልደቱ ሐምሌ ላይ ስለሆነ ቤተሰቡ በሰኔ ለመብረር ወሰነ። መቀመጫ መግዛት ምቾት ያመጣል የሚሉ ወገኖች አሉ። ከጎናችን ባለው ረድፍ መቀመጫ የተገዛለት ልጅ ሌሊቱን ሙሉ እናቱ ጭን ላይ ሲያድር መቀመጫው ላይ የነበረው የአሻንጉሊት ድቡ ነው። ድቡ ቀበቶ ታስሮለት ሂትሮው ድረስ በሰላም ተጉዟል። ሕፃኑ ግን ግድግዳው ላይ ለሚንጠለጠለው የሕፃናት አልጋ ረዝሞ፣ ለጭን ከብዶ፣ በሁለቱ መካከል አድሯል።

ቪዛን በተመለከተ ለብሪታንያ ሕፃንም እንደ ትልቅ ሰው የራሱን ማመልከቻ ያቀርባል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ አመልካች የጣት አሻራ አይሰጥም፤ ፎቶ ግን ይነሣል። እናትየው ቅጹን ስትሞላ ሕፃኑ በጦር ወንጀል ወይም በሽብር ድርጊት ተሳትፎ ያውቅ እንደሆነ ተጠየቀች። ያን ዕለት ጠዋት በሪሞት ኮንትሮሉ ላይ ያደረሰውን እያየች ጥቂት አመነታች፤ ከዚያ «አይ» የሚለውን መረጠች። ጎብኚው ጊዜው ሲያበቃ ወደ አገሩ እንደሚመለስ ማሳመንም ያስፈልጋል። ሕፃኑን ከአገሩ ጋር የሚያስተሳስረው አንድ አረንጓዴ ብርድ ልብስ ነበር፤ እሱንም ይዞት ሊሄድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሰነድ እንለፍ። አባትየው በየግማሽ ሰዓቱ የተከፋፈለ የኤክሴል ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ነበር። ሙዚየሞች በሰማያዊ፣ መናፈሻዎች በአረንጓዴ፣ ምግብ በብርቱካናማ ተቀልመዋል። የሕፃኑ የቀን እንቅልፍ «በጉዞ ላይ» በሚል ማስታወሻ ታልፏል። አጥኚው ሰነዱ ለማን እንደተጻፈ ለማጣራት ጥረት አድርጓል። ለሕፃኑ አይደለም፤ ሕፃኑ አያነብም። ለእናትየውም አይደለም፤ «በጉዞ ላይ» የሚለውን አይታ ስቃ ትታዋለች። በመሸኛው እራት ላይ አባትየው ስልኩን ከፍ አድርጎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዕለት ሲያነብ፣ አክስቶችም «እሰይ፣ እሰይ» ሲሉ ነገሩ ግልጽ ሆነ። የጉዞ ዕቅድ የሚጻፈው ለሚቀሩት ነው። ተጓዦቹ ደግሞ አክስቶቹ ያጸደቁትን ሠንጠረዥ ለማስፈጸም ይሄዳሉ።

በዚያው እራት ላይ በዘርፉ የታወቁት ሁለቱ የአስተሳሰብ ጎራዎች ተፋጠዋል። የአንቀልባ ጎራ በአያትየው ይመራል። ልጅ ጀርባ ላይ ታዝሎ ያድጋል፣ ይተኛል፣ አገርም ያያል። «ልጄ፣ እንደ ሸቀጥ ጋሪ ላይ ጭነሽ ስትገፊው ሰው ምን ይላል?» የጋሪው ጎራ መሪ አባትየው ሲሆን ማስረጃው ታሪካዊ ነው። ታጣፊውን የሕፃን ጋሪ በ1965 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ኦወን ማክላረን የተባለ እንግሊዛዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነው፤ ቀደም ሲል ስፒትፋየር በተባለው ተዋጊ አውሮፕላን የማረፊያ ጎማ ላይ ሠርቷል። የጦር አውሮፕላን ጎማውን ወደ ሆዱ የሚሰበስብበት ጥበብ ለሕፃናት ዋለ ማለት ነው። አያትየው በጥሞና አዳምጠው «ታዲያ ልጁ ሲያለቅስ ማን ያዝለዋል?» ሲሉ ጠየቁ። ጎራው እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠም። በመጨረሻ ጋሪውም ለማዘያ ነጠላም ተያዙ። በተግባር እንደታየው ሕፃኑ በነጠላ ይታዘላል፣ ጋሪው ሻንጣ ይጭናል፣ አጥኚው ጋሪውን ይገፋል።

ጋሪው ለንደን ላይ ምን እንደሚገጥመው ማክላረን ያውቅ ነበር፤ አገሩ ነው። የከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር የተከፈተው በ1863 እ.ኤ.አ.፣ እኛ ዘንድ አፄ ቴዎድሮስ ነግሠው ሳሉ ነው። ከ270 በላይ ከሆኑት ጣቢያዎች ያለ ደረጃ ከመንገድ እስከ ባቡር መሳፈሪያው የሚያደርሱት ሲሶ ያህሉ ናቸው። ማረፊያችን ኢዝሊንግተን ስለነበር የምንጠቀመው ኤንጀል የሚባለውን ጣቢያ ነው። ሊፍት የለውም። ያለው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ነው፤ ርዝመቱ 60 ሜትር ያህል ሲሆን በመላው የባቡሩ መረብ የሚያህለው የለም። አባትየው ሠንጠረዡን ሲያዘጋጅ ይህን እንደ መተላለፊያ ቆጥሮታል። ሕፃኑ እንደ መዳረሻ ቆጠረው። ታች ሲደርስ «ደግሞ!» አለ። ላይ ሲደርስም «ደግሞ!» አለ። ከኋላችን ወደ ሥራ የሚጣደፉ ለንደናውያን በቀኝ መቆም፣ በግራ መሄድ የሚለውን ሕጋቸውን በዓይናቸው እያስታወሱን አለፉ። በሠንጠረዡ መሠረት በዚያ ሰዓት የባኪንግሃም ቤተ መንግሥትን ዘብ ቅይይር እያየን ነበር።

ስለ ብርሃን የተገኘው ውጤት የጥናቱ ዋና ክፍል በመሆኑ ሰፋ ተደርጎ ይቀርባል። አዲስ አበባ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ቀኑም ሌሊቱም አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው። ሕፃኑ የተኮተኮተው በዚህ ሥርዓት ነው። «መሸ» ማለት መተኛት ነው፤ ክርክር የለም። ለንደን በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3፡20 ገደማ ነው። እናትየው በአንድ ሰዓት መጋረጃውን ዘግታ «መሽቷል፣ ማሙሽዬ፣ እንተኛ» አለችው። ሕፃኑ ከአልጋው ወርዶ፣ መጋረጃውን በአንድ እጁ ገለጥ አድርጎ፣ ውጪውን በጣቱ አሳየ። ምንም አልተናገረም። አጥኚው በሕይወቱ ካያቸው ማስረጃ የማቅረብ ሥነ ሥርዓቶች ሁሉ እጅግ የተሟላው ይህ ነበር። እናትየው የምትለው አጥታ ተቀመጠች።

በሌላው ጫፍ ያለው ችግር ይብሳል። ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 11 ሰዓት በፊት ነው። በዚያ ላይ የለንደን ሰዓት በዚህ ወቅት ከኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ አገሩ ላይ በ12 ሰዓት የሚነቃ ልጅ እዚያ ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ብድግ ይላል። ሙዚየሞቹ ግን የሚከፈቱት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። በመካከሉ ስድስት ሰዓት አለ። የትኛውም የጉዞ መጽሐፍ ስለነዚህ ስድስት ሰዓታት አንድ መስመር አይጽፍም፤ ሕፃን ይዞ ለሚሄድ ግን የጉብኝቱ ዋና ክፍል እነሱ ናቸው። ቤተሰቡ ያሳለፋቸው በሻንጣ ዚፕ ነው። ሕፃኑ ዚፑን ይከፍታል፣ አባትየው ይዘጋል። ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቁርስ ሲደርስ ሁለቱም ደክመዋል፤ ልዩነቱ ሕፃኑ ሙዚየም ውስጥ መተኛት መቻሉ ነው።

ሳውዝ ኬንሲንግተን የደረስነው በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነን ነው። ከባቡር ጣቢያው ወደ ሙዚየሞቹ የሚወስድ፣ በ1885 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የእግረኛ ዋሻ አለ። ግድግዳው ድምፅ ይመልሳል። ሕፃኑ አንዴ ጮኸ፤ ዋሻው መለሰለት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሐተታ ማብዛት አያስፈልግም። በሠንጠረዡ ላይ ዋሻው «አምስት ደቂቃ» ተብሎ ነበር።

በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ 25 ሜትር የሚረዝም የዓሣ ነባሪ አጽም ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። «ሆፕ» የሚል ስም አላት፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጪውን ሁሉ አፉን ወደ ላይ አስከፍታ ትቀበላለች። የሕፃኑ አፍ ተዘግቶ ዓይኑ መሬት ላይ ነበር፤ ወለሉ ላይ የብረት ፍርግርግ አገኘ። ጣቱን ከተተበት፣ አወጣ፣ ደግሞ ከተተ። አባትየው ከላይ ያለውን እንዲያይ አገጩን ቀና ሲያደርግለት «እምቢ» የሚለው ወጥ መልስ ተደገመ። ለአባቶች ማጽናኛ የሚሆነው መግቢያው ነፃ መሆኑ ነው። በነፃ ገብቶ ፍርግርግ ማየት ከፍሎ ገብቶ ፍርግርግ ከማየት በእጅጉ ይሻላል፤ በዚህ መርህ መሠረት «ለንደን አይ» ለተባለው ትልቅ ተሽከርካሪ መመልከቻ ቲኬት ሳይገዛ ቀርቷል።

መንገዱን ተሻግሮ ያለው ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ለአባትየው የጉዞው ዋና ምክንያት ነበር። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ካጋዛቸው ቅርሶች መካከል አንድ የወርቅ ዘውድ እዚያ ይገኛል። ልጁን ዘውዱ ፊት አቁሞ «ይኼ የኛ ነው» ሊለው ከወራት በፊት ወስኗል፤ በሠንጠረዡም ላይ ይህ ብቻ በቀይ ተቀልሟል። ሕፃኑ በሙዚየሙ በር ላይ አንቀላፋ። አባትየው ወደ ነጠላው ጎንበስ ሲል እናትየው «ከቀሰቀስከው ማታ የምትይዘው አንተ ነህ» አለችው። ቀና አለ። የመቅደላን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሹክሹክታ ለአጥኚው ነገረው። አጥኚው ታሪኩን ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ያውቀዋል፤ ነገር ግን በሚዛናዊነት አዳምጧል።

ትራፋልጋር አደባባይን በአጭሩ እናልፋለን። ሃምሳ ሜትር የሚያልፈው የኔልሰን ሐውልት አልታየም። በሥሩ ያሉትን አራቱን የነሐስ አንበሶች ሕፃኑ «ውሻ» ብሎ ጠርቷቸዋል፤ አባትየውን በእጅጉ ቅር አሰኝቶታል፤ የሰው አገር አንበሳ ቢሆንም አንበሳ ነው። ትኩረቱን ሙሉ በሙሉ የሳቡት እርግቦች ናቸው። እርግብ በአዲስ አበባም አለ፣ በነፃ። የጉዞው ጠቅላላ ወጪ ለታዩት እርግቦች ቢካፈል የአንዷ ዋጋ ስንት እንደሚመጣ አጥኚው አስልቶ ነበር፤ እናትየው እንዳይታተም ጠይቃለች። ሕፃኑ ከአያቱ የተላከለትን ዳቦ ቆሎ መበተን ጀመረ። እርግቦችን ማብላት ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአደባባዩ ላይ ክልክል ነው፤ ደግነቱ ሕጉ የተጣሰ አይመስልም። እርግቦቹ ዳቦ ቆሎውን ነክተው፣ አገላብጠው፣ ትተውት ሄዱ።

ከምግብ አኳያ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይበቃል። የወተት ተዋጽኦ ከኢትዮጵያ ወደ ብሪታንያ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ይህን ለአያቶች ማስረዳት ደግሞ አይቻልም። የተነጠረ ቅቤ ሻንጣ ውስጥ ሦስት ፌስታል ለብሶ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ ሊገኝ ስለሚችል ወላጆች ቤት ሳሉ እንዲፈትሹ ይመከራል።

የጥናቱ ውስንነት ናሙናው አንድ መሆኑ ነው፤ እናትየው ሁለተኛ ናሙና የማቅረብ ሐሳብ ለጊዜው እንደሌላት ገልጻለች። ሠንጠረዡ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም በሚለው ላይ ስምምነት አልተደረሰም። አባትየው በየቦታው የተነሡትን ፎቶዎች በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቋል፤ አክስቶቹም «ማሙሽ ለንደንን አዳረሰው» ብለዋል። በአብዛኞቹ ፎቶዎች ላይ ማሙሽ ተኝቷል።

ሕፃኑ አሁን ሁለት ዓመት ስለሞላው ለሚቀጥለው ጉዞ መቀመጫ ይገዛለታል። አባትየው ስለ ኢስታንቡል አዲስ ሠንጠረዥ ከፍቷል። ግራንድ ባዛር በሺዎች የሚቆጠሩ ሱቆች ያሉት፣ ጣሪያ ለብሶ ከተማ የሚያህል ገበያ ነው፤ የተመደበለት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ነው። አጥኚው በዚያ ሰሞን ከፍተኛ የሥራ ጫና እንደሚኖርበት ከወዲሁ በጽሑፍ አሳውቋል።