ያልተጠራች ሾርትከት

በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የሚያስተዳድር ወዳጅ አለን። «አይቲውን ጥሩልኝ» ሲባል የሚጠራው እሱ ነው። ኔትወርክ ቢቋረጥ አይናደድም፤ መብራት ሄዶ የየክፍሉ ዩፒኤስ አንድ ላይ ሲጮህም አይናደድም። ደሙን የምታፈላው፣ ፕሮግራም በተጫነ ቁጥር ማንም ሳይጠራት ዴስክቶፕ ላይ ጉብ የምትለው ሾርትከት ናት።

የራሱ ኮምፒውተር ያለው ሰው ይህ ቁጣ ላይገባው ይችላል። «ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ» ብሎ ይጭናል፤ ሾርትከቷን ካልፈለጋት ጎትቶ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይጥላታል። የወዳጃችን ኮምፒውተሮች ግን በየፎቁና በየቅርንጫፉ የተበተኑ፣ በቡድን በቡድን የተከፋፈሉ ናቸው። ሒሳብ ክፍል ፒችትሪ ይፈልጋል፤ ፕሮግራሙ ሴጅ 50 ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም እዚህ አገር አሁንም ፒችትሪ ነው። ጸሐፊዎቹ ፓወር ግዕዝ ይላሉ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለውን ስክሪን ባለጉዳይ ሁሉ ስለሚያየው ከአርማው በቀር ምንም እንዳይታይበት ታዟል። ስለዚህ ያው አንዱ ፕሮግራም ለአንዱ ቡድን ከነሾርትከቱ፣ ለሌላው ያለሾርትከት፣ ለሦስተኛው ደግሞ ራሱን በራሱ እንዳያድስ ተደርጎ መሄድ አለበት።

ዘዴው ጠፍቶ አይደለም። ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ግሩፕ ፖሊሲ በሚባለው በኩል፣ ኤምኤስአይ የተባለውን የፕሮግራም ጥቅል ከአንድ ቦታ ሆኖ ለመላው መሥሪያ ቤት መጫን ይቻላል። ጥቅሉ ሳይነካ ለየቡድኑ የሚለያየውን ምርጫ ትራንስፎርም የሚሉት ትንሽ ፋይል ይሸከማል። ሲያወሩት ያምራል።

ሲሠሩት ግን እያንዳንዱ የሶፍትዌር ቤት እምቢታን የሚሰማው በራሱ ደንብ ነው። ፋየርፎክስ «የዴስክቶፕ ሾርትከት» የሚል መስመር አለው፤ እዚያ ላይ «ፎልስ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። አዶቤ ሪደር ዘንድ መስመሩ «የዴስክቶፕ ሾርትከት ይከልከል» የሚል ስለሆነ መልሱ 1፣ ማለትም «አዎን» ነው። ክሮም ደግሞ ራሱን የቻለ የምርጫ ፋይል ይፈልጋል፤ በውስጡም «ሾርትከት አትፍጠር» ለሚለው «እውነት ነው» ተብሎ ይመለስለታል። ኢኖ ሴታፕ በሚባለው መሣሪያ የተጠቀለሉት ፕሮግራሞች ዘንድ ሲደረስ እምቢ የሚባለው በቃለ አጋኖ ነው፤ ከማይፈለገው ሥራ ስም ፊት ምልክቷን መደንቀር ነው። «በሞቴ አንዲት ጉርሻ» እያለች የምትለምን ባለቤት እንኳ በስተመጨረሻ «ጠግቤያለሁ» ሲሏት ትሰማለች፤ እነዚህ ግን በየቤታቸው ደንብ ካልተመለሰላቸው ማጉረሳቸውን አይተዉም።

ሾርትከቷ ብቻ ብትሆን ደግ ነበር። ፕሮግራሙ በሩቅ ሲጫን ስክሪኑ ፊት ማንም ስለሌለ፣ ምንም ሳይጠይቅ ዝም ብሎ እንዲጫን መታዘዝ አለበት። ኤምኤስአይ ዝም የሚለው በአንድ ዓይነት ትእዛዝ ነው። ዊንአምፕን የሠራው ኑልሶፍት ሙዚቃ ማጫወቻውን ለማሰራጨት ብሎ የወለደው፣ ኤንሲስ የሚባለውና ዛሬ ስንትና ስንት ፕሮግራም የሚጠቀለልበት መሣሪያ ደግሞ ስላሽ እና ትልቁን ኤስ ካላየ አይሰማም። ትንሹን ኤስ የጻፈ ሰው ምንም እንዳልተናገረ ይቆጠራል፤ መስኮቱ ተከፍቶ «ኔክስት» እስኪባል ይጠብቃል። የሚጠብቀውም ሲስተም የሚባለው አካውንት ውስጥ፣ ለሰው ዓይን በማይታይ ስክሪን ላይ ነው። ኢኖ ሴታፕ ደግሞ ለዝምታም ደረጃ አውጥቷል። «ዝም በል» ሲባል ጥያቄውን ትቶ ምን ያህል እንደተጫነ የሚያሳየውን መስኮት ያወጣል፤ ጭራሽ እንዳይታይ ከተፈለገ «በጣም ዝም በል» መባል አለበት።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ውጤቱ በቁጥር ይመጣል። 0 ማለት ሰላም ነው። 1603 ማለት አንድ ከባድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ምን እንደሆነ አይናገርም። ወዳጃችንን በተለይ የሚገርመው 3010 ነው፤ «ተሳክቷል፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እስኪበራ ግን ሥራው አላለቀም» ማለቱ ነው። ይህን ለአለቃ በአንድ መስመር ሪፖርት ማድረግ የሚችል ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ቡድን መለየት የቅንጦት ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲን ነገር ይስማ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2014 አትላንታ በሚገኘው በዚህ ዩኒቨርሲቲ፣ ዊንዶውስ 7ን የሚጭን ትእዛዝ በስህተት የዊንዶውስ ማሽን ለተባለ ሁሉ ተላከ። ትእዛዙ የሚጀምረው ሃርድ ዲስኩን ፎርማት በማድረግ ነበር። ላፕቶፑም፣ ዴስክቶፑም፣ ሰርቨሩም እኩል ታዘዘ። ስህተቱ ሲታወቅ ባለሙያዎቹ ትእዛዙን የሚያሰራጨውን ሰርቨር ወዲያው አጠፉት፤ እሱ ግን እንደሌሎቹ ትእዛዙ ደርሶት ቀድሞ ራሱን ፎርማት አድርጓል። ወዳጃችን ይህን ሲያወራ ይስቃል። ሲስቅ ያየው ሰው «እኛ ጋስ?» ብሎ ሲጠይቀው ሳቁን ያቆማል።

የማይስቅበት ታሪክ የክራውድስትራይክ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1፡09 ላይ ኩባንያው ለደህንነት ፕሮግራሙ አንድ አነስተኛ ፋይል ለቀቀ። በ2፡27 መልሶ ሰበሰበው። በዚያች መሐል በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ወደቁ፤ አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ተቸገሩ። ብዙ የአይቲ ሰዎችም ከማሽን ማሽን እየዞሩ፣ እያንዳንዱን በሴፍ ሞድ እያስነሱ ያንን ፋይል በእጃቸው ሰረዙ።

ወዳጃችንን የሚያንገበግበው ግን መውደቃቸው አይደለም። ከወደቁት መካከል ጠንቃቆቹም ነበሩ። ኮምፒውተሮቻቸውን በቡድን ከፍለው፣ ለጥቂቶቹ አዲሱን የፕሮግራም ስሪት፣ ለሌሎቹ አንድ ስሪት ወደኋላ፣ ለዋና ዋናዎቹ ሁለት ስሪት ወደኋላ እንዲሄድ መርጠዋል። ምርጫውን የሰጣቸው ራሱ ኩባንያው ነው። ያ ፋይል ግን በዚህ ምርጫ አይገዛም ነበር፤ ሁሉም ቡድን ዘንድ እኩል ገባ። «ለአንዲት ሾርትከት አራት ዓይነት እምቢታ የሚያስጠኑን ሰዎች፣ ማሽኑን የሚገድለውን ነገር ሲልኩ ‹ቤቶች!› ማለት እንኳ ያቅታቸው?» ይላል፤ ድምፁ ይወፍራል። «ታዲያ ያ ሁሉ ቡድን ምን ሊሠራ ነው? ለጌጥ?» ኩባንያው ከዚያ በኋላ እንዲህ ያሉ ፋይሎችን በደረጃ እንደሚለቅና ለደንበኞቹም ምርጫ እንደሚሰጥ ማስታወቁን ሲነግሩት «እግዜር ይስጣቸው» ይላል። የምስጋና ግን አይመስልም።

ከእንዲህ ያለው ንዴት የምትመልሰው መዝገብ ቤት የምትሠራ አንዲት እናት ናት። ሾርትከቶቹ ከየክፍሉ በተጸዱ ማግስት ስልክ ደወለች።

«ልጄ፣ ያቺ ቀይዋ የት ሄደችብኝ?»

«ፒዲኤፉ አለ እኮ እትዬ። ስታርት የሚለውን ተጭነው ስሙን ሲጽፉ ይመጣል።»

«እሱን አላውቅም። እኔ የማውቀው እሷን ነው።»

ለዚህ መልስ የሚሆን የእምቢታ ዓይነት የትኛውም የሶፍትዌር ቤት አላዘጋጀም። ወዳጃችን ውስጡ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ያለበት ቡድን ፈጠረና ሾርትከቷን መለሰላት። ወሬው ሲዳረስ ሌሎችም ጠየቁ፤ ቡድኖቹም ተባዙ።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። ከሒሳብ ክፍል አንድ ሠራተኛ ከነላፕቶፑ ወደ ግዥ ተዛወረ። በግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ «ከዚህ ክፍል የወጣ ኮምፒውተር ፕሮግራሙ ይነቀልበት» የምትል ሳጥን አለች፤ ሒሳብ ክፍል ላይ ምልክት ተደርጎባታል። ስለዚህ ላፕቶፑ ወደ ግዥ ከተዛወረ ፒችትሪው ይነቀላል። ሰውየው ግን የተዛወረው በውክልና ነው፤ ከሰዓት በኋላ አሁንም ሒሳብ ይዘጋል። ኮምፒውተር ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁለት ክፍል ውስጥ አይቀመጥም፤ ውክልና የሚባል ነገርም አያውቅም። የሰው ኃይል ክፍሉ «ደብዳቤው ይውጣና እናያለን» ብሏል። ደብዳቤው ፊርማ ላይ ነው፤ የሚፈርሙት ኃላፊ መስክ ወጥተዋል፤ በእሳቸው ቦታም የተቀመጠው ተወካይ ነው።