ከደጋ የሚነሣ አውሮፕላን

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ ኅዳር ወር

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤ ኦጎልቾ።

ባለፈው ደብዳቤዎ «ለመሆኑ አሜሪካ የስንት ቀን መንገድ ነው?» ብለው ስለ ጠየቁኝ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሺንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ግድም ነው ብዬ ብመልስ፣ ቁጥሩ እንኳን ለእርስዎ በላዩ ለበረርሁት ለእኔም ምንም እንደማይነግር አውቄ፣ በአገራችን ልጅ እግር ሰፈርሁት። የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በመስከረም 2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ በፈጸመበት ፍጥነት፣ ሳይበላና ሳይተኛ፣ ባሕሩም እንደ የብስ ጸንቶለት ቢሮጥ፣ እዚህ የሚደርሰው በ23 ቀን ተኩል ገደማ ነው።

እኔ ማረፊያውን ጨምሮ በ17 ሰዓት ደረስሁ። ማታ በ4 ሰዓት ከቦሌ ተነሥቼ ጧት በ1 ሰዓት እዚህ ስወርድ፣ ፀሐይ ከእናንተ ወደዚህ ለመድረስ በብርዱ ወራት 8 ሰዓት ስለምትዘገይ፣ የግድግዳው ሰዓት «የተጓዝኸው 9 ሰዓት ነው» ሲለኝ ጉልበቴ 17 ነው ብሎ መሰከረ፤ እኔም ያመንሁት ጉልበቴን ነው።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የመሄጃውና የመመለሻው አለመተካከል ነው። የተጫነች አህያ ከአሰላ ወደ ኦጎልቾ ቁልቁል ስትነዳ እንደሚቀልላት፣ ሽቅብ ሲሆን ግን በየዛፉ ጥላ እንደምትገተር እርስዎ ያውቃሉ፤ የአውሮፕላኑ ግብር ግን የተገላቢጦሽ ሆኖ፣ የሚጨነቀው ከደጋ ሲነሣ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ከፍ ያለ፣ አየሩም የሳሳ በመሆኑ፣ ክንፉ የሚደገፍበት፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንሰዋል፤ ስለዚህ ሰውን፣ ሻንጣንና የመላውን መንገድ ነዳጅ አንድነት ተሸክሞ መነሣት ስለሚሳነው፣ ነዳጁን አጉድሎ ተነሣና በአየርላንድ አገር ደብሊን ላይ ወርዶ ጠጣ። (የኢትዮጵያ አየር መንገዳችን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግም በአሥመራ አርፎ ነበርና፣ በመንገድ መቆም አውሮፕላኑ ከአባቶቹ የወረሰው ነው።) እኛም ከወንበራችን ሳንነሣ ቱቦው ሲተከልለት በመስኮት እያየን ሳለ፣ ከጎኔ የተቀመጡት ባልቴት ከነጠላቸው ሥር ድፎ ዳቦ አውጥተው «እሱ ከጠጣ እኛም እንቅመስ እንጂ» ብለው ቆረሱልኝ፤ ያን ጊዜ፣ የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል በከተማችን ስም ኦጎልቾ ብሎ ከሰየመው ስንዴ የተጋገረ ይሆን እያልሁ፣ ከመብላቴ በፊት ብዙ አሸተትሁት።

ዋሺንግተን ግን ቆላ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው ከፍታ 100 ሜትር አይሞላም፤ አየሩ ወፍራም ነው፤ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስም ከኋላ ይገፋል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ጠግቦ ይነሣና የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ይገባል።

እንግዲህ አባቴ፣ ይህን ደብዳቤ ለእናቴ ሲያነቡላት ኃይሌንም፣ አህያዋንም፣ ደብሊንንም ሳያስቀሩ ያንብቡላት፤ መመለሻው 13 ሰዓት መሆኑን የሚናገረውን መስመር ግን፣ የትኬቱን ገንዘብ እስካጠራቅም ድረስ፣ አደራዎን ይዝለሉት።

ታዛዥ ልጅዎ