«ለልጁ ሰጥቸዋለሁ»፦ በወረታ መናኸሪያ የካርቶን ዕጣ ላይ የቀረበ ጥናት

የኢትዮጵያ ፖስታ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ተመሠረተ። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ከዚያ ወዲህ ፖስታችን ካስመዘገባቸው ስኬቶች ሁሉ ትልቁ፣ በዚህ ጥናት አቅራቢ እምነት፣ ለአብዛኛው ሰው ቤት ድረስ አለመምጣቱ ነው። ሣጥን ያለው ሰው ሣጥኑን ከፍቶ ወረቀት ያገኛል፤ መስኮት ላይ ቀርቦ መታወቂያ ያሳያል፤ ፈርሞ እቃውን ይወስዳል። በዚህም ምክንያት ሌላው ዓለም እስከ ዛሬ መድኃኒት ያጣለት በሽታ፣ ማለትም እቃ ወርውሮ የሚሄድ ፖስተኛ፣ እኛ ዘንድ ሥር ሊሰድ አልቻለም። የሚወረውርበት በር አልተሰጠውም።

በሽታው ምን እንደሚመስል ለማያውቅ አንባቢ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ አንድ የፌዴክስ ሠራተኛ የኮምፒውተር ስክሪን በአጥር ላይ ወርውሮ ሲሄድ በግቢው ካሜራ ተቀረጸ። ዓለም አየው፤ ድርጅቱም በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ለወረታ ተመራማሪ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ አስገራሚው መወርወሩ አይደለም። እቃው የተወረወረው በትክክለኛው ሰው አጥር ላይ መሆኑ ነው።

እኛ ዘንድ ፖስታው የተወውን ቦታ የያዘው የመኪና ረዳት ነው። ወረታም ለጥናቱ በዕጣ አልተመረጠችም። ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያለች መገንጠያ ናት፦ አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወልድያ ይደርሳል። በጎንደር መኪና የተላከ የደብረ ታቦር ካርቶን እንግዲህ ወረታ ላይ ወርዶ ሌላ መኪና መያዝ አለበት። ሰው እዚህ ሲደርስ ወርዶ ሻይ ይጠጣና ይቀይራል። ካርቶን በራሱ መውረድ ስለማይችል ጎንደርን አይቶ ይመለሳል። «አዲስ» ብቻ የተጻፈበት ካርቶን ደግሞ ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ ነው። አዲስ ዘመን እዚያው አፍንጫ ሥር፣ በሰሜን በኩል ናት፤ አዲስ አበባ በደቡብ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ካርቶኑ ለሁለቱም አያዳላም።

ከተማዋ ደረቅ ወደብም አላት። ኮንቴይነር እዚያ ሲገባ ቁጥሩ ይታያል፣ ማሸጊያው ይፈተሻል፣ ሰነዱ ይመሳከራል። ከዚያው ከተማ የሚወጣ አንድ ካርቶን ድርቆሽ ግን በማርከር በተጻፈ ስልክ ቁጥር ብቻ ተማምኖ ይጓዛል፤ ከቁጥሩም የመጨረሻዋ አኃዝ አብዛኛውን ጊዜ ፕላስተር ሥር ናት።

የአላላክ ሥርዓቱ አጭር ነው። ላኪው ረዳቱን ይፈልጋል፣ ይከራከራል፣ ይከፍላል፤ ከዚያ የመኪናውን ታርጋ ለተቀባዩ በስልክ ይነግራል። ደረሰኝ የለም። ታርጋው ነው ደረሰኙ። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ተሳፋሪው ወደ ሌላ መኪና ከተዛወረ ደረሰኙ ከጎማው ጋር መንገድ ዳር ይቀራል፤ ተቀባዩም መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ የማይመጣ ታርጋ ሲያነብ ያመሻል።

ካርቶኑ ላይ ቀድሞ የታተሙት ምልክቶች በረዳቶች ዘንድ የዳበረ ትርጓሜ አላቸው። ወደ ላይ የሚያመለክቱት ሁለት ቀስቶች «ፖርቶመጋላ ላይ ጫነው» ማለት ናቸው። ጃንጥላው ውስጡ ጃንጥላ እንዳለ ያመለክታል። ብርጭቆው ግን አከራካሪ ነው፤ ካርቶኑ ቀድሞ የፓስታ ስለነበር ረዳቱ አያምነውም፣ ባያምንም አይፈረድበትም። ላኪው በእጁ «ተሰባሪ» ብሎ ሲጨምርበት ነገሩ ይብሳል፤ ይህን ያህል የተጠነቀቁለት እቃ ከባድ መሆን አለበትና ከሥር ይደረጋል፣ በላዩም ሁለት ማዳበሪያ ሽንኩርት ይጫንበታል። በወረታ ዙሪያ ያሉ የፎገራ እናቶች ይህን ከማንም ቀድመው ስለተረዱ ምንም አይጽፉም። የማሩን ጠርሙስ ሩዝ መሐል ቀብረው፣ የማዳበሪያውን አፍ በሲባጎ ሰፍተው «ሩዝ ነው» ይላሉ። ሩዝ ይወረወራል፤ ቢወረወርም ምንም አይሆንም፤ ማሩም በሰላም ይገባል። የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እዚሁ ፎገራ ሆኖ ሳለ ይህ የሩዝ ጠባይ እስካሁን ተገቢውን ትኩረት አለማግኘቱ ያሳዝናል።

አሁን ወደ ጥናቱ እምብርት እንግባ። እቃ ሲጠፋ ተቀባዩ ረዳቱ ዘንድ ይደውላል። ረዳቱ አይዋሽም፣ አይደናገጥም፣ ስልኩንም አይዘጋም። «ለልጁ ሰጥቸዋለሁ» ይላል።

ልጁ ማን ነው? ምንጮች ሁሉ መኖሩን በአንድ ድምፅ ያረጋግጣሉ። ቦታውን ሲጠየቁ «እዚያው መናኸሪያው በር ላይ» ይላሉ። መልኩን ሲጠየቁ «ቀይ ኮፍያ ያደረገው» የሚል አለ፣ «ጠቆር ያለው» የሚል አለ፣ «ባጃጅ ያለው ልጅ» የሚልም አለ። ዕድሜውን በሚመለከት ግን ማስረጃው እርስ በርሱ ይጋጫል፦ ከዓመታት በፊት እቃ የተሰጠው ልጁ ዛሬም ልጁ ነው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ሐሙሲትም፣ ወረታም፣ አዲስ ዘመንም እቃ ተረክቧል። ስለዚህ ጥናቱ የሚያቀርበው መላምት ልጁ ሰው ሳይሆን ሹመት ነው የሚል ነው። እንደ ሊቀ መኳስ ሁሉ፣ ሰውየው ያልፋል፣ ማዕረጉ ይቀራል።

ክረምት ሲገባ የልጁ ሥራ ይሰፋል። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ ወደ ጣና ዳር ቀበሌዎች፣ ወደ ናበጋና ሻጋ፣ ባጃጅ አይዘልቅም። ያን ጊዜ ካርቶኑ አንድ ሱቅ ውስጥ «ውኃው እስኪጎድል» ይቀመጣል፤ ባለሱቁም በሂደት ወንበር ያደርገዋል። ተቀባዩ ለወገቡ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርዶ ከሆነስ? ስልኩን ለልጅ ልጁ ትቶ ነው የሚሄደው። የልጅ ልጁ ያነሣል፣ «አባባ የሉም» ይላል፣ ይዘጋል። እንዲህ ያለው እቃ በጥናቱ «ሁለቱም ወገን ያልጠፋ፣ እቃው ብቻ የጠፋ» ተብሎ ተመድቧል።

እዚህ ላይ ግን ከንድፈ ሐሳቡ ጋር የማይገጥም አንድ ክስተት መመዝገብ ግድ ነው። አንዲት እናት እንቁላል ይዘው መጡ። ረዳቱን በዋጋ አልተከራከሩትም።

«አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?»

«የሐሙሲት ነኝ እማማ።»

«ሐሙሲት የእነማን ወገን?»

ረዳቱ ሳይወድ ነገራቸው። አያቱን ያውቋቸው ኖሯል። አንድ ተዝካር አነሡለት፤ አንድ የቆየ የእርሻ ድንበር ክርክርም ጣል አደረጉለት። እንቁላሉ ጋቢና ገባ፣ ከሹፌሩ አጠገብ፣ በረዳቱ ጃኬት ተጠቅልሎ። አንድም አልተሰነጠቀም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አደራ ሰፊ ክፍል አለው፤ አንዱንም አንቀጽ አልጠቀሱም። እርሳቸው የሠሩት ሥራ ልጁን የእገሌ ልጅ ማድረግ ብቻ ነበር።

ዘዴው የእኛ ብቻ አለመሆኑን የውጭ ታሪክም ይመሰክራል። በ1906 ዓ.ም. አሜሪካ፣ አይዳሆ ግዛት ውስጥ፣ ሜይ ፒርስቶርፍ የተባለች የአምስት ዓመት ልጅ የባቡር ትኬት ተወድዶባቸው ወላጆቿ አያቷ ዘንድ በፖስታ ላኳት። ኮቷ ላይ የ53 ሳንቲም ቴምብር ተለጠፈ፣ በባቡሩ የፖስታ ፉርጎ ተጫነች፣ በደኅናም ደረሰች። የታሪክ ጸሐፊዎች ቴምብሩን ያደንቃሉ። ወረታዎች የሚያደንቁት ሌላውን ነው፦ ፉርጎው ውስጥ የሚሠራው የፖስታ ሠራተኛ የእናቷ ዘመድ ነበር። እኛም ክረምት በመጣ ቁጥር ልጆቻችንን በሹፌር አደራ አያቶቻቸው ዘንድ እንልካለን። ቴምብር አንለጥፍም፤ «የእገሌ ልጅ ናት» ማለት ይበቃል። ልብሷ የገባበት ሻንጣ ግን አንዳንዴ ይቀራል፤ ሻንጣ የማንም ልጅ አይደለም።

የጥናቱ የመጨረሻ ምዕራፍ ልጁን በአካል ማግኘትን የሚመለከት ሲሆን፣ ይህም ከብዙ ልመና በኋላ ተሳክቷል። የአንድ ካርቶን በርበሬ ጉዳይ ነበር። ረዳቱ ሲሰለቸው የልጁን ስልክ ሰጠ። ስልኩ ጠራ። ተነሣም።

«ሃሎ፣ ልጁ ነህ?»

«አዎ፣ ልጁ ነኝ።»

«ትናንት ከባሕር ዳር መኪና የተቀበልኸው ካርቶን የት አለ፣ ወንድሜ?»

«ውይ፣ እሱንማ ወዲያው ለሰውየው ሰጥቸዋለሁ።»