ቤት ያፈራው ጠፈር፦ መልስ ያጣችው መንኮራኩርና የወለል ጠራጊው ጉዳይ

በጠረጴዛ ዙሪያ ለሚካሄድ የሚና ጨዋታ በገዛ እጁ ጠፈር የሚሠራ ሰው የመጀመሪያ ሥራው አንዲት መንኮራኩር ማጥፋት ነው። ቆሻሻዋን ሳትጥል፣ ዕዳዋን ሳትከፍል፣ በድንገት ዝም ትላለች። ተጫዋቾቹ ሄደው ምን እንደነካት ማየት ይጠበቅባቸዋል። የዚህ ጥናት ጥያቄ አንድ ነው፦ ለምንድን ነው የማይሄዱት?

ነገሩ ከተረት ብዙም አይርቅም። በእኛ ቤት ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጩ «የላም በረት» ብሎ ጆሮውን ይሰጣል፤ ጅቡ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው ተራኪው ብቻ ነው። በዚህ ጨዋታ ግን ጅቡ ራሱ ወንበር ስቦ ይቀመጥና «እኔ እዚያ ምን አለኝ?» ይላል። ክርክሩ ካልበረደ ዳይስ ይጣላል።

የዘርፉ ታሪክ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን ሲያሳትሙ የሚፈራው ዘንዶ ነበር። በ1977 ማርክ ሚለር «ትራቨለር»ን አወጣ፤ የሚፈራው ባንክ ሆነ። በዚህ ጨዋታ ሕግ መንኮራኩር በዱቤ የገዛ ሰው የዋጋውን 1/240ኛ በየወሩ ለ480 ወራት ይከፍላል። 40 ዓመት መሆኑ ነው፤ ሲደመር የዋጋው እጥፍ። ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ የቤቷን ሞርጌጅ የምትጨርሰው በ30 ዓመት ስለሆነ፣ ጠፈር ከሜሪላንድ በ10 ዓመት ወደኋላ ቀርቷል ማለት ይቻላል።

የመስክ ሥራው የተከናወነው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዚህችው እህቴ ቤዝመንት ውስጥ ነው። ዳኛው (ተራኪውን «ዳኛ» የሚለው የ«ትራቨለር» መጽሐፍ ነው) የእህቴ ልጅ ሲሆን፣ አንድ ተጫዋች በመቅረቱ ተመራማሪው ወንበር ማሟያ ሆኖ ተጠራ። ገጸ ባሕርዬን ለቃኚዎች ጓድ አስመዘገብኩት። የመጀመሪያው እትም ሕግ እንደሚለው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ሰው ከ18 ዓመቱ አንስቶ አራት አራት ዓመት ያገለግላል፤ በየአራት ዓመቱም በሕይወት መትረፉ በሁለት ዳይስ ይጣራል። ቃኚ ለመትረፍ 7 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። 5 ወጣልኝ።

«አጎቴ፣ ይቅርታ፣ ሞተዋል» አለኝ የእህቴ ልጅ። አክብሮቱን አላጓደለም። ከ36ቱ የዳይስ አወጣጦች 15ቱ ከ7 በታች ስለሆኑ ሟቹ ብቸኛ አይደለም። ተዝካር ይደረግለት እንደሆነ ጠየቅሁ፤ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ከዚህ በኋላ ያለው ምልከታ የሟች ምልከታ ነውና ገለልተኛነቱ የተጠበቀ ነው።

ዳኛው ያዘጋጀው ፋይል 47 ገጽ ነው። የሦስት ግዛቶች ጦርነት፣ የአንድ የጠፋ ሕዝብ የቀብር ሥርዓት፣ የመንኮራኩሯ ካርታ በካሬ ወረቀት ላይ፣ በር በበር። መብራቱን ቀነስ አድርጎ የድረሱልኝ ጥሪውን በወፍራም ድምፅ አነበበ። ተጫዋቾቹ በጠፈር ወደቡ መግቢያ ላይ ቆመው በጥሞና ሰሙ። ከዚያ ነርስነት የምታጠናዋ ልጅ፣

«እዚህ ወለል የሚጠርግ ሰው አለ ብለሃል፤ ስሙ ማን ነው?» አለች።

ዳኛው ገጽ አገላበጠ። የሦስት ንጉሠ ነገሥት የዘር ሐረግ ጽፏል፤ የወለል ጠራጊውን ስም አልጻፈም። ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ተንከራተተና የእናቱ ሻይ ላይ ዐረፈ።

«ቴርሞስ» አለ።

ከዚህ በኋላ ሁለት ሰዓት ከሩብ በቴርሞስ ጉዳይ አለፈ። ደመወዙ ስንት ነው? ልጅ አለው? በዚህ ዕድሜው ለምን በእጅ ያስጠርጉታል፣ ሮቦት ጠፍቶ ነው? ዳኛው መንኮራኩሯን ሦስት ጊዜ አስጮኻት። በሦስተኛው አንደኛው ልጅ ስልኩን አውጥቶ ሒሳብ ሠራ። ከኮከብ ወደ ኮከብ አንድ ዝላይ፣ ሩቅም ይሁን ቅርብ፣ ሳምንት ገደማ ይፈጃል።

«ደርሶ መልስ ሁለት ሳምንት። ጭነት የለንም። ወሩ ሲሞላ ባንኩን ምን ልንለው ነው?»

«እዚያ እኮ ሰው እየሞተ ነው!» አለ ዳኛው።

«አጎትህም ሞቷል፤ ማን ሄደለት?»

በሙያ ሥነ ምግባር ምክንያት አስተያየት ከመስጠት ተቆጥቤአለሁ። የልጁ ሒሳብ ግን እንከን አልወጣለትም። ዳኛው ሞትን የጻፈው በ47 ገጽ ነው፤ ዕዳውን የጻፈው ሚለር ነው፤ ተጫዋቾቹ ያመኑት ሚለርን ነው። በቴርሞስም ያመኑት ዳኛው ስላላሰበበት ይመስለኛል። የተሰናዳ ነገር እንደ ወጥመድ ይሸታል፤ ከሻይ ዕቃ ላይ የተነሳ ስም ግን ማንንም ሊያጠምድ አይችልም።

የጥናቱ ውሱንነት፦ እህቴ ከላይ «እንጀራው እየደረቀ ነው!» ብላ ስለተጣራች ምልከታው ተቋርጧል። ሁሉም ወደ ላይ ሲወጣ ዳኛው ወደኋላ ቀረ። ፋይሉን ዘጋ፣ መልሶ ከፈተው፣ በገጽ 1 ኅዳግ ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ ስም ጎን በእርሳስ እንዲህ ጻፈ፦ «ቴርሞስ። ሦስት ልጆች። ጉልበቱን ያመዋል።»