የእሸት ዘመድ፦ በምሥራቅ ጎጃም የተደረገ አጭር ጥናት

ባለሙያዎች በየስብሰባው «ከማሳ እስከ ገበታ» ሲሉ እህሉ ከገበሬው ተነሥቶ፣ በጋሪና በአይሱዙ ተጭኖ፣ በደላላና በነጋዴ እጅ አልፎ ወደ በላተኛው እንደሚጓዝ ያስረዳሉ። ለጤፍና ለስንዴ ይህ እውነት ነው። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በነሐሴና በመስከረም የተደረገው ምልከታ ግን እሸት ሲሆን ሰንሰለቱ እንደሚገለበጥ ያሳያል፤ እህሉ ባለበት ይቆማል፣ የሚጓዘው በላተኛው ነው።

ለዚህ ሳይንሳዊ ምክንያት አለ። የበቆሎ እሸት ከአገዳው ከተገነጠለበት ሰዓት ጀምሮ ስኳሩ ወደ ስታርች ይለወጣል፤ ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ ይፈጥናል። ስለዚህ ከጓሮ ተገንጥሎ ወዲያው ፍም ላይ የዋለውን፣ ገበያ ውሎ ያደረው አይደርስበትም። ጓሮው ፍግና አመድ ስለሚደፋበት ለም ነው፤ ጎተራው በሚሟጠጥበት በነሐሴ ቤተሰቡን ወደ አዲሱ አዝመራ የሚያሻግረው እርሱ ነው። ፍልሰታን ለሚጾምም እሸት ከሕጉ ጋር አያጣላም።

መልክዓ ምድሩም በላተኛውን ይደግፋል። ከዓባይ በረሃ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው የጮቄ ተራራ ሲወጣ አዝመራው እየዘገየ ይደርሳል። የታችኛው በቆሎ ሲደርቅ የላይኛው ባቄላ ይደርሳል፤ ባቄላው ሲጠቁር የገብሱ ዛላ ተለብልቦ እንኩቶ ይሆናል። ትጉህ እንግዳ አቀበቱን ተከትሎ እስከ ጥቅምት ሊዘልቅ ይችላል።

የእሸት ጠላቶች ሦስት ናቸው፦ ቀን የሚመጣው ዝንጀሮ፣ ሌሊት የሚመጣው ጃርትና በበዓል የሚመጣው የከተማ ዘመድ። ለመጀመሪያው ማማና ወንጭፍ፣ ለሁለተኛው ውሻ ተዘጋጅቷል። ለሦስተኛው ቡና ይፈላለታል።

ሦስተኛው ከመድረሱ በፊት ስልክ ይደውላል። «አያ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዝናቡስ እንዴት ነው?» ይላል። ይህን ሲጠይቅ ራሱ በቆርቆሮ ቤት ተቀምጦ ዝናቡ እየደበደበው ነው። ባለማሳው የጥያቄውን ፍች ስለሚያውቅ ስለ ዝናብ አንድም ቃል ሳይናገር «ኧረ ደርሷል! ኑና እሸት ቅመሱ እንጂ» ብሎ ይመልሳል።

ሕግን በተመለከተ፣ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 በባልንጀራ እርሻ የሚያልፍ ሰው እሸት በእጁ እንዲቀጥፍ ይፈቅዳል፤ ማጭድ እንዳያስገባ ግን ይከለክላል። ባዶ ማዳበሪያ አጣጥፎ በብብቱ ስለያዘ ዘመድ የሚለው ነገር የለም። ሕጉ ዝም ያለበትን ኬሚስትሪ ፈርዶበታል፤ ወደ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ በተለይም የዓባይን በረሃ ሲያቋርጥ፣ ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ጣዕም እየከዳ ይሄዳል። ባለማሳው ይህን እያወቀ ማዳበሪያውን ሞልቶ፣ አፉን በገመድ አስሮ፣ መኪና ድረስ ተሸክሞ ይሸኛል።

ጥናቱ አንድ ክፍተት አለበት። በሰኔና በሐምሌ፣ በቆሎው ሲኮተኮትና ሽልሻሎ ሲደረግ የሚደወሉትን ስልኮች ከነሐሴዎቹ ጋር ለማነጻጸር ታቅዶ ነበር። ደዋይ ስላልተገኘ ንጽጽሩ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። ዘመዶች ምክንያቱ ኔትወርክ ነው ይላሉ። ኔትወርኩም፣ እስከ ዛሬ እንደታየው፣ ከበቆሎው ጋር አብሮ ይደርሳል።